ለድንጋዩ የታሰበው ውሃ

አንክል ማኒካም ግቢያቸው ውስጥ ሥጋ ሲበስል አይወዱም፤ ግን አንድም ቀን ከልክለው አያውቁም። ከጓሮ የምትኖረው ተከራያቸው ሙርሺዳ ሽንኩርት ስታቁላላ መስኮታቸው ክፍት ነው። ሥጋው ድስት ሲገባ ይዘጋል። ድስቱ ሲወርድ ይከፈታል። ጆሃንስበርግ ዳር ባለችው ሌኔዥያ ውስጥ የሕንዳዊው አዛውንትና የስልጤዎቹ ባልና ሚስት ጉርብትና ስድስት ዓመት ሙሉ የተዳደረው በዚህ መስኮት ነበር፤ ስብሰባም ሽማግሌም አላስፈለገውም።

በ2021 ጃንዋሪ፣ ኮሮና ለሁለተኛ ጊዜ ባገረሸበት ሰሞን፣ ሥጋው ድስት ገብቶ መስኮቱ ሳይዘጋ ቀረ። ሙርሺዳ ማማሰያውን እንደያዘች ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ምድጃውን አጥፍታ ወደ ትልቁ ቤት ሮጠች። ሰውዬው ሽታ ጠፍቶባቸዋል ማለት ነው።

ሆስፒታሉ በር ላይ ድንኳን ተተክሎ፣ ድንኳኑም ሞልቶ ነበር። አልጋ ስላልነበረ በሦስተኛው ቀን ወደ ቤት መለሷቸው። ደርባን ያለችው ልጃቸው ካማላ ራሷ በዚያው በሽታ ተኝታ፣ በስልክ የኦክስጂን ማሽን አከራየችላቸው። አስታማሚ ግን በስልክ አይከራይም። ሙርሺዳ ባለፈው ጁላይ ታማ ተነስታለችና እኔ እገባለሁ አለች። ባሏ ሻፊ፣ ጋራዡን ተከራይተው ከከፈቱት የመጋረጃ ሱቅ ብቅ ብሎ፣ ሁለተኛ አይዝም ያለሽ ማነው ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ማስክ አመጣላት።

አንክል ማኒካም ጡረታ የወጡ የሂሳብ አስተማሪ ናቸው። ጣታቸውን የቆነጠጠው የኦክስጂን መለኪያ ሰማንያ አንድ ሲል፣ በእኔ ጊዜ ይህ ጥሩ ውጤት ነበር አሉ። በአራተኛው ቀን ሰባ ስድስት ሆነ። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጠቀ። ስማቸውን ስትጠራ አይመልሱም።

ከሟች ሚስታቸው ፎቶ በታች፣ መደርደሪያው ላይ፣ አፉ በስስ ብየዳ የታሸገ ትንሽ የመዳብ ማሰሮ ነበር። ከሕንድ፣ ከተሳለሙት ቦታ የመጣ የተቀደሰ ውሃ እንደሆነ አንድ ጊዜ ነግረዋታል። ከዚያ በኋላ የተከተለው ማብራሪያ የአስተማሪ ማብራሪያ ነበር፤ እሷም ራሷን እየነቀነቀች ስለ መጋረጃ ዘንግ ታስብ ነበር። ያልሰማችውን በራሷ ሞላችው። ከሐጅ የመጣ ውሃ ለምን እንደሚሆን የማያውቅ ማን አለ? አባቷ ወራቤ አልጋ ላይ በወደቁ ጊዜ፣ አጎቷ ከመካ ያመጡትን ዘምዘም በማንኪያ ስታጠጣቸው የነበረች እሷ ናት። አባቷ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖረዋል።

የመጋረጃ መቀሷን አምጥታ ብየዳውን ፈለቀቀች። ቀኝ እጇን ታጥባ፣ «ቢስሚላህ» ብላ፣ በማንኪያ ከንፈራቸው መሐል አፈሰሰች። ዱዓ አደረገች። ከሰዓቱን ሙሉ እንዲሁ በየተራ፣ ማንኪያና ዱዓ፣ ማሰሮው እስኪጋመስ።

አሱር ሰግዳ ስትመለስ ዓይናቸው ተከፍቶ አገኘችው።

«ምን አጠጣሽኝ?»

ደስ እያላት ማሰሮውን አሳየቻቸው። የተፈለቀቀውን አፉን ረጅም ጊዜ አዩት።

«እንግዲያው ደርሷል ማለት ነው» አሉ ቀስ ብለው።

ምን ደረሰ ብትላቸው፣ በእኛ ዘንድ ይህ የጋንጀስ ወንዝ ውሃ ሰው አፍ ውስጥ የሚደረገው እስትንፋሱ ሊወጣ ሲል ነው አሏት። እንዲሽርዎት ብዬ ነው፣ ወላሂ፣ እያለች ስትማማል እጃቸውን በትንሹ አነሱ፤ ክፍል ውስጥ ጫጫታ ሲበዛ እንደሚያደርጉት ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ያን ያልሰማችውን ማብራሪያ ደገሙላት፤ በየሦስት ቃሉ እየተነፈሱ።

ሕንድ ወደ ደቡብ ሄዳ ሄዳ ባሕር ውስጥ ልትገባ ስትል ራሜሽዋራም የሚባል የአምላካቸው የሺቫ መቅደስ አለ። ተሳላሚው ከዚያ ባሕር ዳር አሸዋ ይዘግናል፤ እስከ ሰሜን፣ እስከ ካሺ ከተማ ተሸክሞት ይሄድና ጋንጀስ ወንዝ ውስጥ ያኖረዋል። ከወንዙ ደግሞ ውሃ ቀድቶ ያን ሁሉ አገር ወደ ደቡብ ይመለሳል፤ ውሃውንም ራሜሽዋራም ባለው ድንጋይ ላይ፣ በሺቫ ምልክት ላይ፣ ያፈሰዋል። እስኪያፈስ ድረስ ጉዞው አልተጠናቀቀም። ስለቱ የሚስታቸው የሮሃኒ ነበር፤ ሳትሄድ ሞተች። አምና በፌብሩዋሪ እሳቸው ተሸክመውት ሄዱ። አሸዋውን አደረሱ። ውሃውን ቀዱ። አውሮፕላን ሊቆም ነው ተባለ፤ ካማላ በስልክ አለቀሰችባቸው፤ ለሦስት ሳምንት ብቻ ነው ብለው ወደ ጆሃንስበርግ ተመለሱ። ሦስቱ ሳምንት አሥር ወር ሆነ።

«ሮሃኒን ምን ልላት ነው?» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። አንድ ክፉ ቃል አልተናገሯትም። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

ሙርሺዳ ጋራዡ ውስጥ በተሰቀሉት መጋረጃዎች መሐል ገብታ አለቀሰች። ሻፊ ሊያጽናናት ሞከረ፤ ውሃ ተይዞ ከመጣ ለታመመ ሰው ነው እንጂ ለድንጋይ ነው ብሎ ማን ይጠረጥራል፣ ድንጋይ መቼ ይጠማዋል አለ። አልሳቀችም። የሰው ሐጅ አፈረስኩ፣ ያውም የሞተች ሴት ሐጅ፣ አለችው። ሻፊ ከዚያ በኋላ አልቀለደም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አንክል ማኒካም ጠሯት። መለኪያው ሰባ አምስት ይላል፤ ዓይናቸው ግን የፈተና ጥያቄ መልስ ያገኘ ሰው ዓይን ነው።

«ያ ድንጋይ እንዴት እዚያ እንደተቀመጠ ነግሬሽ አላውቅም። ቁጭ በይ።»

ቁጭ አለች። ንጉሥ ራማ፣ አሉ፣ አሥር ራስ የነበረውን ጠላቱን ገደለ። ጠላቱ ግን ከካህናት ዘር ነበርና ደሙ ከበደው፤ ለሺቫ መስገድ አለብኝ አለ። ጦጣ መልክ ያለውን አገልጋዩን ሀኑማንን፣ ከበረዶው ተራራ ከካይላሽ የተቀደሰ ድንጋይ አምጣ ብሎ ላከው። ሀኑማን ዘገየ። የተቆረጠው ሰዓት ሊያልፍ ሆነ። ያኔ ንግሥቲቱ ሲታ ባሕሩ ዳር ተንበርክካ፣ በእጇ ከእርጥብ አሸዋ ምልክቱን ሠራች፤ ራማም ለእሱ ሰገደ። ሀኑማን ድንጋዩን ተሸክሞ ሲደርስ ሁሉ ነገር አልቋል። ተናደደ። የአሸዋውን በጭራው ጠምጥሞ ሊነቅለው ታገለ፤ አሸዋው ንቅንቅ አላለም። ራማም አዘነለትና፣ ከእንግዲህ የሚመጣ ሁሉ አስቀድሞ ያንተን ድንጋይ ይሳለም አለው።

«እስከ ዛሬ ቀድመው የሚሳለሙት የዘገየውን ነው» አሉ አንክል ማኒካም። ትንፋሻቸውን ጠበቁ። «የተሰገደለት ግን የአሸዋው ነው። የታሰበው እሱ አልነበረም። ሰዓቱ ስለደረሰ ነው። አሸዋ አምጪልኝ፣ ልጄ።»

የባሕር አሸዋ አይታሰብም። ደርባን ያለው ባሕር ዳር በመንግሥት ትዕዛዝ ተዘግቷል፤ አሸዋው ላይ የቆመ ሰው ይታሰራል። ሻፊ ከከተማው ዳር ከተከመሩት የወርቅ ማዕድን ኮረብታዎች በከረጢት ላምጣ ቢል፣ አዛውንቱ መርዝ ያለበት ነው ብለው በጣታቸው ሰረዙት። በመጨረሻ ጎረቤት አጥር ሊያስገነባ ካስደፋው ክምር አንድ ባልዲ ለመነ። ይዞ ሲገባ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ይሄ ነገር ሺርክ፣ በአላህ ላይ ማጋራት፣ አይሆንብንም ወይ አላት።

«አሸዋ ማጠብ ሶላት አይደለም» አለችው።

በልብስ ማጠቢያው ሳህን ሦስት ጊዜ አጠበችው፤ ሩዝ እንደሚታጠብ፣ ውሃው እስኪጠራ። በትሪ አድርጋ ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። እንዲህ ሥሪልኝ እንዳይሏት ፈርታ ነበር፤ እምቢ ማለትም እሺ ማለትም አትችልም። አላሏትም። ሰውዬው ያውቃሉ፤ ስድስት ዓመት መስኮት ሲዘጉ የኖሩ ሰው ናቸው። በጣቶቻቸው ራሳቸው ሠሩት፤ ክብ፣ አጭር፣ ትንሽ ዘመም ያለ። ሁለት ጊዜ ተናደ። በሦስተኛው ቆመ።

ማሰሮውን ሲያነሱ እጃቸው መንገድ ላይ ደክሞ ቆመ። ውሃው አልጋው ላይ ሊደፋ ነው። ሙርሺዳ ማሰሮውን አልነካችም። ክርናቸውን ያዘች። ቀና አድርጋ ደገፈችው፤ ዓይኗን መስኮቱ ላይ ተክላ፣ በውስጧ የራሷን ፋቲሃ እየቀራች። የውሃውን ድምፅ ብቻ ሰማች። እሳቸው በታሚል ቋንቋ የሆነ ነገር አሉ፤ ከመሐሉ «ሮሃኒ» የሚለውን ለየችው።

በማንኪያ ያጠጣቻቸውን ግማሽ ውሃ አነሳችላቸው፤ ይቅር ይበሉኝ አለች።

«ግማሹ በእኔ በኩል ዞሮ ሄደ። መንገዱ ረዘመ እንጂ አልጠፋም» አሉና ዓይናቸውን ከደኑ።

ሁለት ቀን ቆዩ። በሦስተኛው ቀን አረፉ፤ ቀትር ላይ ነጭ የለበሱ ሰዎች መጥተው በፕላስቲክ ጠቅልለው ወሰዷቸው። ፊታቸውን መግለጥ አይቻልም፣ አፋቸው ላይ ምንም ማድረግ አይቻልም ብለው ወረቀት አስፈረሙ። ሙርሺዳ ትሪውን ከአልጋው ሥር አወጣች። አሸዋው ደርቋል፤ አልፈረሰም። ባሕሩ እስኪከፈት ብላ በአዲስ የመጋረጃ ጨርቅ ሸፍና አስቀመጠችው።

ካማላ ከደርባን ደወለች። ድምፅዋ በሳል ይቆራረጣል። ሙርሺዳ ጥፋቷን ልትናገር አፏን ስትከፍት ካማላ ቀደመቻት።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። የመቅደሳችን ካህን በዚህ በሽታ የሚሞት ሁሉ ውሃውን ሳያገኝ ይሄዳል ብሎኛል። የእናቴ ፎቶ ሥር ማሰሮ ነበር። ሳይሞት ለአባቴ ውሃ ያደረገለት ሰው ነበር?»

ሙርሺዳ ቀና ብላ መስኮቱን አየች። እንደተከፈተ ቀርቷል።

«እኔ» አለች። «በማንኪያ።»

ካማላ ሳሏን ጨርሳ ጠየቀች።

«በየትኛው እጅሽ?»

«በቀኜ።»