የብራዚሉ ሰውዬ

ወንድይራድ ዓይኑን ካጣ ወዲህ ደሙን የሚያፈላው መደናቀፉ አልነበረም። የሚያናድደው ሰዎች ድምፃቸውን አለስልሰው ሲያናግሩት ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ከመቱ አዲስ አበባ ቡና ሲያመላልስ የኖረ ሹፌር ነው፤ ጎማ የሚጠግንለት ወጣት እንኳ በግልምጫው ይንቀጠቀጥ ነበር። ግላኮማ ዓይኑን ቀስ በቀስ ሲወስድበት መኪናውን አስረከበ፤ የቀረችለት ቼዝ ብቻ ነበረች።

ቼዙን የሚጫወተው ከድሮ የሥራ ባልደረባው ከጎንፋ ጋር ነው። ጠጠሮቹን በጣቱ እየዳሰሰ፣ ሰሌዳውን በጭንቅላቱ ይዞ ይጫወታል። አንድ እሑድ ግን የጎንፋ ንግሥት ያለ ምንም ጠባቂ ፊቱ ተገትራ አገኛት።

"ጎንፋ፣ ንግሥትህን አላየሃትም?"

"አይ… አላየኋትም።"

"ታዲያ ከሁለታችን ዕውሩ ማነው?" አለና ሰሌዳውን ከነጠጠሩ ገለበጠው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎንፋ በሩን አልረገጠም።

የወንድይራድ ልጅ መሰረት ሆስፒታል ውስጥ የሕክምና መሣሪያዎች ትጠግናለች። አባቷ ቤት ተቀምጦ ግድግዳውን ሲቆጣ ስትሰማ ከረመችና፣ "በኢንተርኔት ከሌላ አገር ሰው ጋር ተጫወት፤ ማን መሆንህን የሚያውቅ የለም" አለችው። ነገሩ አማለለው። ችግሩ ስልኩ ነበር፤ ልሙጥ መስታወት ነው፣ ጣት ምንም አይለይበትም።

ስለዚህ ሰሌዳውን ራሷ ልትሠራው ተነሳች። አናጢ ዘንድ ሄዳ ከዋንዛ እንጨት አስጠረበች፤ ጥቁሩ ቤት ከነጩ ትንሽ ከፍ እንዲል አደረገች። ከየቤቱ ሥር ማግኔት ሲቀርበው የሚገናኝ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ቀበረች። ማግኔቱን ከተበላሹ የጆሮ ማዳመጫዎች እየፈታች በየጠጠሩ ታች ለጠፈች። አባቷ አንድ ጠጠር ሲያነሳና ሲያስቀምጥ ሰሌዳው ከየት ወደ የት እንደሄደ ያውቃል፤ በስልኩ በኩል ይልከዋል። የተጋጣሚው ምላሽ ሲመጣ ደግሞ ሰሌዳው በመሰረት በራሷ ድምፅ "ፈረስ፣ ኤፍ ስድስት" ይላል።

ሥራው ቶሎ አላለቀም። ሽቦው ይበጠሳል፣ አንዱ ጥግ አልሰማም ይላል፣ ወንድይራድ ከበላይዋ ቆሞ ያጉረመርማል።

"ቼዝ ነው የምትሠሪው ወይስ ግድብ?"

"አባዬ፣ በአንተ ምክንያት ጣቴን በመበየጃው አቃጠልኩ! ዞር በልልኝ!"

የተጠናቀቀ ዕለት አንድ የፖላንድ ሰው በቅጽበት ደቆሰው። ወንድይራድ ጠረጴዛውን በቡጢ መታ፤ ግን ፊቱ በርቶ ነበር። ሰውዬው አላዘነለትም። በማግሥቱም ተሸነፈ፣ ከዚያም ተሸነፈ። ፊቱ መብራቱን ተወ። ሲሸነፍ እራት አይበላም፣ በርጩማውን ይራገጣል፣ ሚስቱን አልጣሽን "አንቺ ስታንኳኪ ነው ያሳሳትሽኝ" ይላታል። ጎረቤቱ ሁሉ መሸነፉን ከጩኸቱ ያውቅ ነበር።

ከዚያ አንድ የብራዚል ሰውዬ ተገኘ። ወንድይራድ አሸነፈው። ደግሞ አሸነፈው። ሰውዬው ታግሎ ታግሎ መጨረሻ ላይ ይወድቃል። ወንድይራድ መብላት ጀመረ፤ መሳቅም ጀመረ። ለመጣው እንግዳ ሁሉ፣ "ብራዚል ኳስ እንጂ ቼዝ አልፈጠረበትም" እያለ ያወራ ነበር።

አንድ የክረምት ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ከብራዚሉ ጋር ገጥሞ ሳለ ጎረቤቱ ኢብሴ እየሮጠች ገባች።

"ጋሼ ወንድይራድ፣ እርስዎ ቤት ኔትወርክ አለ? ከጠዋት ጀምሮ ብሞክር ብሞክር ሂንጂሩ! ቡሬ ያለችው ልጄ ጋ መደወል አቃተኝ።"

"ምናልባት የአንቺ ስልክ ይሆናል።"

"ኧረ ጋሼ፣ ከተማው በሙሉ ነው! ጭራሽ የለም።"

ሰሌዳው "ግንብ፣ ዲ አንድ" አለ።

የወንድይራድ እጅ አየር ላይ ቀረ። ቀስ ብሎ አንድ ወታደር ገፋ። ሰሌዳው ወዲያው መለሰለት። ሌላ ጠጠር አነሳ፤ እንደገና መለሰለት። የብራዚሉ ሰውዬም ያለ ምንም ምክንያት የራሱን ንግሥት ለመበላት አቀረበለት። ወንድይራድ ያን ጊዜ ጎንፋን አስታወሰ፤ ጆሮው ድረስ ጋለ።

መሰረት ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ያዛት።

"ኔትወርክ በሌለበት ይሄ የብራዚል ሰውዬ በየት በኩል ነው የሚመጣው? በሶር ወንዝ ነው?"

መሰረት ጎንበስ ብላ ጫማዋን መፍታት ጀመረች።

"ተናገሪ!"

"ኮምፒውተር ነው፣ አባዬ። ስልኩ ውስጥ ያለ። ደካማ እንዲሆን አድርጌ ነው ያስተካከልኩት።"

"አንቺም! አንቺም እንደነሱ! ልጄ ታዝንልኛለች? ለማኝ ነኝ እኔ? ድል በምጽዋት ትሰጪኛለሽ?" ሰሌዳውን አንስቶ ሊወረውረው ነበር፤ ሽቦው ያዘው።

"ወርውረው!" ብላ ጮኸች መሰረት። እንዲህ ጮኻበት አታውቅም። "አዘንኩልህ ያለህ ማነው? ማንም አላዘነልህም! ሰለቸን እንጂ! ስትሸነፍ እኮ ይሄ ቤት ገሃነም ነው። እማዬ ማሰሮ ለማንሳት ትፈራለች፤ እንዳይንኳኳባት በጨርቅ ጠቅልላ ነው የምታነሳው። ታውቃለህ ይሄን? አታውቅም! ያሸነፍክ እየመሰለህ ስትስቅ እኛም እናርፋለን ብዬ ነው። ለአንተ ብዬ አይደለም!"

ወንድይራድ ወደ አልጣሽ ዞረ። "እውነት ነው?"

"ማሰሮው እውነት ነው" አለች አልጣሽ።

መቆጣት ፈለገ፤ ቁጣው ግን የሚያርፍበት አጣ። የልጁ ትንፋሽ ይሰማዋል፤ እንደሱ፣ ስትናደድ በአፍንጫዋ ነው የምትተነፍሰው። ሰሌዳውን መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ተነስቶ ጓዳ ገባ።

ኔትወርኩ ከተመለሰ በኋላም ለቀናት አልነካውም። አንድ ምሽት ግን ድንገት፣ "መሰረት፣ ሰው አምጪልኝ። ሰው! ከዋሸሽኝ ዋ!" አለ።

ያመጣችለት ከቱርክ ነበር። ወንድይራድ ላብ እስኪያጠምቀው ታገለ። አንድ ፈረስ ወሰደበት፤ ቱርኩም ሁለት ወታደር ቀማው። እየጠበበ፣ እየጠበበ ሄዶ የወንድይራድ ንጉሥ ጥግ ላይ ታነቀ።

አልጣሽ ጓዳው በር ላይ ቆማ ቀረች። ወንድይራድ ጥርሱን ነከሰ፤ ጡንቻው ጉንጩ ላይ ሲንቀሳቀስ መሰረት አየችው። በርጩማው እግሩ አጠገብ ነበር።

"ባለጌ!" አለ በመጨረሻ። "አንዲት ወታደር እንኳ አልማረኝም እኮ! ምን ዓይነት ጨካኝ ሰው ነው?" እያጉረመረመ ግድግዳውን ተደግፎ ወደ ገበታው መጣ። "እራት የለም እንዴ? አቅርቡ እንጂ! ይሄን ቱርክ እንደገና ካላገኘሁት አልተኛም።"

አልጣሽ ሰሃኑን አቀረበች። ተናዶ፣ ጉርሻውን ሳያላምጥ እየዋጠ፣ እስከ መጨረሻው በላ።