ከምሳ በፊት ሚዛን

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። ልጅቷን ድንቡሼ ብላ የጠራቻት ገና በአራስነቷ ነው፤ ጉንጯ ሙልት፣ ክንዷ ለስለስ ያለ ስለነበር። ስሙ ሰፈሩን አዳርሶ ትምህርት ቤትም ገባ። ድንቡሼ ግን ቅር ብሏት አያውቅም፤ ሲጠሯት እየሳቀች ነበር የምትመጣው።

አንድ ዓመት ትምህርት ቤቱ አዲስ ደንብ አወጣ። ከግቢው ሱቅ ለስላሳና ከረሜላ ጠፋ፤ ለምሳም የተጠበሰ ድንች ቀርቶ ምስር፣ ካሮት፣ ሩዝና ብርቱካን መጣ። ልጆቹ መጀመሪያ ለንቦጫቸውን ጣሉ፣ ኋላ ግን ለመዱት። ድንቡሼማ ካሮቱን ወደደችው። ደንቡ እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ደግ ነበር።

ደንቡ ግን ልጆቹ ይመዘኑ ይልም ነበር። የስፖርት አስተማሪው ሚዛኑን መመገቢያ አዳራሹ በር ላይ አኖረው። ልጆቹ ተሰልፈው፣ ጫማቸውን እያወለቁ ይወጡበታል፤ እሱ ኪሎውን ጮክ ብሎ ይጠራል። ድንቡሼ ስትወጣ የጠራው ቁጥር ከሁሉም በለጠ። ከሰልፉ ኋላ አንዱ ሳቀ። ሳቁ እንደ ጉንፋን ተዛመተ።

የዚያን ቀን ምሳዋን ወደ ጓደኛዋ ገፋ አደረገች።

"አንቺስ?" አለቻት ጓደኛዋ።

"ጠግቤያለሁ።"

በማግስቱም ጠገበች። በሳልስቱም። ለእናቷ "ትምህርት ቤት በልቻለሁ" ትላለች፤ ትምህርት ቤት ደግሞ "ቤት በልቻለሁ"። እየዋለ እያደረ ረሃቡ ራሱ ዝም አለ፤ በእሱ ፋንታ ደስ የሚል ቅለት መጣ። ክፍል ውስጥ የአስተማሪዋ ድምፅ ከወንዝ ማዶ የሚመጣ ይመስላታል። በመስኮቱ በሚገባው ብርሃን ውስጥ አቧራው ቀስ እያለ ሲዞር እሷም አብራው የምትዞር ይመስላታል። ስትራመድ መሬቱ ጥጥ ነው። "አንድ ቀን ንፋስ ይወስደኛል" ብላ አሰበች፤ ሐሳቡም አላስፈራትም።

እናቷ ቀሚሱ ወገቧ ላይ ሲዞር አየች። "ተመዘዝሽ መሰል፣ የኔ እናት" አለችና አጠበበችላት። ጎረቤቱም "አማረባት!" አለ። በሁለተኛው ምዘና ደግሞ አስተማሪው "ጎበዝ! እንዲህ ነው እንጂ!" አላት።

የዚያኑ ሳምንት ሜዳ ላይ ሲሮጡ ድንቡሼ በመሃል ቆመች። የልጆቹ ጩኸት ራቀ። ሰማዩ ዝቅ ብሎ፣ ነጭ አንሶላ ሆኖ፣ በላይዋ ተዘረጋ። እሷም ከሥሩ ጋደም አለች።

አስተማሪው ተሸክሟት ቅርብ ወደነበረው ወጥ ቤት ሮጠ። ምግብ አብሳይዋ ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ አስደግፋ፣ ዓይኗን ስትገልጥ ስኳር የገባበት ሞቅ ያለ ውሃ በማንኪያ ሰጠቻት።

"ምን ሆነሽ ነው፣ ልጄ?" አላት አስተማሪው።

"ቁጥሬ ገና አላነሰም?"

አስተማሪው "ጎበዝ" ያላት ትዝ አለው። ፊቱን አዞረ።

እናቷ መርፌው ደረቷ ላይ እንደተሰካ ደረሰች። የሆነውን ሰምታ ርዕሰ መምህሯ ፊት ቆመች።

"ምሳችሁ ደግ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ልጄ ሽንኩርት ናት እንዴ፣ ገበያ መሃል የምትመዝኗት?"

"ለጤናቸው ብለን ነበር" አሉ ርዕሰ መምህሯ ቀስ ብለው።

"ጤናዋ ይኸው፣ ሜዳ ላይ ተዘርራ ተገኘች።" ደረቷ ላይ የተሰካውን መርፌ ነካ አደረገች። "እኔስ ብሆን፣ ቀሚሷን ሳጠብ ምነው ብዬ መች ጠየቅኋት?"

ርዕሰ መምህሯ አልተከራከሩም። ምሳው እንደነበረ ቀጠለ፤ ሚዛኑ ግን ወደ ትምህርት ቤቱ ነርስ ክፍል ገባ። ልጆች አንድ በአንድ፣ በር ተዘግቶ ይመዘናሉ፤ ቁጥሩም ለወላጅ ብቻ ይነገራል። አስተማሪው ልጆቹን ሰብስቦ "ጮክ ብዬ መጥራቴ ጥፋት ነበር" አላቸው። ከዚያ ወዲያ ሳህኑን ይዞ አብሯቸው ይበላ ጀመር፤ አፉን ሞልቶ ሲያወራ ይስቁበታል።

ድንቡሼ ወዲያው አልበላችም። ነርሷ ትከታተላት ነበር፤ ጓደኛዋም አጠገቧ ተቀምጣ "አንድ ማንኪያ ብቻ፣ በሞቴ" ትላታለች። አንዱ ማንኪያ ሁለት ሆነ። ዓለም ቀስ በቀስ ከጉም ወጣ፤ መጀመሪያ ድምፆች ቀረቡ፣ ከዚያ ቀለሞች ደመቁ።

ዓመቱ ሲጋመስ ቁመቷ ጨመረ፤ ጉንጯ እንደሞላ ነው። ለስላሳ መጠጥ ከነአካቴው ረስታለች። አንድ ቀን ምግብ አብሳይዋ "በቃሽ?" ስትላት፣ ድንቡሼ ትንሽ አሰበችና ሳህኗን ዘረጋች።

"እትዬ፣ ትንሽ ሩዝ ይጨምሩልኝ።"

በልታ ስትጨርስ ከጓደኛዋ ጋር ወደ ሜዳው ሮጠች። ዝናቡ ማካፋት ሲጀምር ሁለቱም አፋቸውን ወደ ሰማይ ከፍተው ቆሙ።