ሦስት ጊዜ የነጠረው ዱቄት

ጓደኞቿ «እሜቴ ጥንቅቅ» ይሏታል፤ ሊያወድሷት እንዳይመስላችሁ፣ ሊያበሽቋት ነው። የኬሚስትሪ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። የላቦራቶሪውን ኮርስ ካላለፈች ዓመቱን ትደግማለች፤ አባቷ ደግሞ «የእኔ ልጅ ወድቃ አታውቅም» እያለ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቶ ጨርሷል።

የዚያ ሳምንት ሥራ ነጭ ዱቄት ሠርቶ በስንት ዲግሪ እንደሚቀልጥ መለካት፣ ከዚያም ያንኑ ዱቄት ቀድሞ የሠራ ሰው በሳይንስ መጽሔት ያሳተመውን ቁጥር ፈልጎ ማስተያየት ነበር። ከአንድ ግራም በታች ያስረከበ ነጥብ የለውም።

የእሷ አራት ግራም ወጣላት፤ በሰባ ስምንት ዲግሪ ቀለጠ። ደስ ብሏት ወደ ኮምፒውተሩ ሄደች። የዱቄቱ ስም እንደ ባቡር ረጅም ነውና እሱን ተወችና የአተሞቹን ብዛት የሚናገረውን ቀመር ብቻ ጻፈች። መጀመሪያ የመጣው ጽሑፍ ዘጠና አምስት ዲግሪ ይላል።

ክው አለች። ቆሻሻ ያለበት ነገር ቶሎ እንደሚቀልጥ ተምራለችና «የእኔ ቆሽሿል» አለች። በትኩስ አልኮል አሟሟችው፣ አቀዘቀዘችው፣ አጠለለችው። ሁለት ግራም ተኩል ቀረ፤ ሰባ ስምንት። ደገመችው። አንድ ግራም ከሩብ ቀረ፤ አሁንም ሰባ ስምንት።

አጠገቧ የሚሠራው፣ ምንም የማያስጨንቀው «ዘናው»፣ ከአምና ተማሪ ሪፖርት ቁጥሩን ገልብጦ እጁን አጣምሮ ተቀምጧል።

«እሜቴ፣ ዱቄቱ ምን በደለሽ?»

«ቆሻሻ አለበት።»

«እንዲህ ከሆነማ የእኔንም ሸሚዝ ጨምሪልኝ። ቁጥሩን ልንገርሽ?»

«የተሰረቀ ቁጥር አልፈልግም።»

ለሦስተኛ ጊዜ አነጠረችው። ግማሽ ግራም እንኳ አልሞላም። ሰባ ስምንት። መጠንቀቅ መልካም ነው፤ እጅ አመድ አፋሽ ሲሆን ግን ምን ይደረጋል? ያኔ እንባ እንባ አላት።

የላቦራቶሪውን ዕቃ የምታስረክበውና የምትረከበው ሴት አየቻት።

«ምን ሆንሽ የኔ ልጅ?»

«እትዬ፣ አልጸዳ አለኝ።»

ሴትዮዋ መነጽሯን አድርጋ ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ አለች። «ቀመሩን ብቻ ነው የጻፍሽው? ይሄ የወጣልሽ እኮ ያንቺው ዱቄት አይደለም፣ ወንድምየው ነው። አተሞቻቸው እኩል ናቸው፣ አቀማመጣቸው ይለያያል። የራስሽን በሙሉ ስሙ ጥሪው።»

ስሙን ሙሉውን ጻፈች። አምስት ጽሑፍ መጣ፤ አምስቱም ሰባ ስምንት ይላሉ።

ስታስረክብ መምህሩ ብልቃጧን ወደ መብራት ከፍ አደረገ። «እንዲህ ያለ ንጹሕ ዘንድሮ አላየሁም። የቀረውስ?»

«ሳጸዳው አለቀ።»

«ከመጀመሪያውም ንጹሕ ነበር እኮ።»

«አሁን ደረስኩበት።»

ሊስቅ ነበር፤ ፊቷን አይቶ ተወው። አንድ ግራም ስላልሞላ ነጥብ እንደማይሰጣት፣ ግን ቅዳሜ ጠዋት ከባዶ መጀመር እንደምትችል ነገራት።

የዘናው ብልቃጥ እስከ አፉ ሞልቷል፤ ቁጥሩም ልክ ነው። መምህሩ «ከየትኛው መጽሔት አገኘኸው?» አለው። ዘናው ጣሪያውን አየ። «እንግዲያው ነገ ጽሑፉን ይዘህልኝ ና።»

ዘናው ኮምፒውተሩ አጠገብ ጠበቃት።

«እህቴ፣ እንዴት ነው የሚፈለገው?»

«ስሙን ታውቀዋለህ?»

«የማንን?»

«የሠራኸውን ዱቄት።»

አያውቀውም። ወንበር ሳበችለትና ከመጀመሪያው ፊደል ጀምራ ታስጽፈው ጀመር።