ዘጠና ሦስት ዲግሪ

«እስከ ምሳ ሰዓት ውጤቱን አስተካክለሽ ካልፈረምሽ ላቦራቶሪውን ለሌላ ሰው ታስረክቢያለሽ» አለኝ ርእሰ መምህሩ። የሌሎቹ ሦስት ክፍሎች የተግባር ፈተና ውጤት ከሠላሳ ሠላሳ ነው። የእኔ ተማሪዎች ከአሥራ ሁለት እስከ ሃያ ሦስት አግኝተዋል። ጥፋታቸው በገዛ እጃቸው ሠርተው መፈተናቸው ነው።

«ሞቼ ነው ቆሜ!» አልኩት።

የተግባር ፈተና አሰጣጣችንን ልትገመግም የተላከችው ሴትዮ ቅጿን ይዛ ገባች። ላቦራቶሪ አለ? አለ። ፈተና ተሰጥቷል? ተሰጥቷል። የራይት ምልክቷን ደረደረችው። የእኔ ዝርዝር ላይ ስትደርስ ከንፈሯን መጠጠች።

«የእርስዎ ልጆች ደካሞች ናቸው እንዴ?»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳስተምር እንዲህ ተሰድቤ አላውቅም።

«ሠላሳ ካገኙት አንድ፣ ከእኔም አንድ ይምረጡና ልክ እንደ ፈተናው ውሃ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ ያስለኳቸው።»

«ቅጹ ላይ እንዲህ የሚል የለም።»

«ቅጹ ላይ ባይኖርም ምድጃው እዚህ አለ!»

ትንሽ አቅማማችና እስክሪብቶዋን ከደነች።

ባለ ሠላሳው ልጅ ቴርሞሜትሩን አገላብጦ አየና «የት ጋ ነው የሚጫነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እሱ ምን ያድርግ፣ ማን አሳየው!

ከእኔ ክፍል የገምጋሚዋ ጣት ያረፈው የእህቴ ልጅ ላይ ነው። የሰጠኋት አሥራ አራት ነው። ውሃውን አፈላች፤ ቴርሞሜትሩን የዕቃውን ታች ሳታስነካ ይዛ ጠበቀች።

«ዘጠና ሦስት» አለች።

«መቶ በይ እንጂ!» አለ ርእሰ መምህሩ ከኋላ። «መጽሐፉ መቶ ነው የሚለው።»

«ቴርሞሜትሩ ግን ዘጠና ሦስት ነው የሚለው።»

«እንግዲያውስ ተበላሽቷል!»

«አልተበላሸም» አልኩ። «ከተማችን ያለችው ከፍታ ላይ ነው፤ እዚህ ውሃ መቶ ሳይደርስ ይፈላል። እስቲ የሌሎቹን ክፍሎች ወረቀት ያውጡት።»

ገምጋሚዋ አንድ በአንድ ገለጠች። መቶ። መቶ። መቶ። መቶ ሃያ ልጅ፣ አንድም ሳይቀር፣ በዚህች ከተማ ሊሆን የማይችል ቁጥር ጽፏል። የደረደረችውን ምልክት ሁሉ ሰረዘች።

«ሦስቱ ክፍሎች ሰኞ እንደገና ይፈተናሉ። ፈታኟም እርስዎ ነዎት» አለችኝ። ርእሰ መምህሩ በሩን ከፍቶ ወጣ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

የእህቴ ልጅ እጅጌዬን ጎተተች። «አክስቴ፣ ልክ ከሆንኩ አሥራ አራቷን ከፍ አታደርጊልኝም?»

«ከመቶ በታች ለምን እንደሚፈላ ወረቀትሽ ላይ ጽፈሻል?»

«አልጻፍኩም።»

«እንግዲያውስ አሥራ አራት» አልኳትና ዝርዝሩ ላይ ፈረምኩ።