ውኃ የማይገድለው ቀዛፊ

«ያቺ የአክስትሽ ልጅ ድርሰቱን በራሷ ስም ልታሳትመው ነው አሉ።»

ይህን ማኅተም ቀራጩ ሰኞ ጠዋት ነገረኝ። ማክሰኞ ደገመው። ረቡዕ ሲሠልሰው ወሬው ሥጋ አውጥቶ፣ ልብስ ለብሶ መጣ፤ ጠራዡ ቤት ታይታለች፣ ወፍራም መዝገብ ይዛ ነበር፣ ሽፋኑ ላይ በወርቅማ ቀለም ስም ልታስጽፍ ስትነጋገር ተሰምታለች።

«ማነው ያለው?» አልኩት፣ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ሆድ ውስጥ የተቀረቀረ ወረቀት እየጎተትኩ።

«አሉ ነው የምልሽ።»

«‹አሉ› ስም የለውም ጋሼ?»

«ፕሮፌሰሯ፣ ወሬ መታወቂያ ይዞ አይዞርም» ብሎ ወደ ጎማው ተመለሰ።

የእሱ ክፍል እኔ ከምሠራበት ጽሕፈት ቤት የምትለየው በኮምፔንሳቶ ብቻ ነው። ቁም ሣጥን ታክላለች። ቀኑን ሙሉ እዚያ ተቀምጦ ጎማ ላይ ፊደል እየገለበጠ ይቀርጻል፤ ወረቀት ላይ ሲመታ እንዲቃና። «ወሬውንም እንደ ፊደሉ ገልብጦ ነው የሚያወራው» እያልኩ ስንት ቀን አሹፌበታለሁ። ያን ሳምንት ግን መልሼ ሳላቃናው እንዳለ ዋጥኩት።

ፕሮፌሰሯ የሚለኝ ለስድብ ነው፤ እኔ እንደ ማዕረግ ነው የምቀበለው። ትምህርት ያቋረጥኩት ስምንተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲያ ያስተማረኝ የሰው መመረቂያ ጽሑፍ ነው። ስለ ወባ ትንኝ፣ ስለ ውርስ ሕግ፣ ስለ ድልድይ ብረት፣ ያልተየብኩት የለም። ባለ ዲግሪው መጥቶ «እዚህ ጋ ‹ስለሆነም› ብያለሁ እንዴ?» ሲለኝ «አላልክም፤ ማለት ግን ነበረብህ» እለዋለሁ። እንዲህ ነኝ። አስቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ ያደረግሁት ነገር ከየት መጣ ብሎ ማንም እንዳይቸገር ነው።

ከአክስቴ ልጅ ጋር ያደግነው በአንድ አልጋ ነው። እናቴ ስትሞት አክስቴ ወሰደችኝ፤ አልጋ ግን አልተጨመረም። ደብተርም አልተጨመረም። ከትምህርት የተረፈ አንድ ደብተር ነበር ለሁለታችን።

እኔ አንድ መጽሐፍ ነበረኝ፤ ባለሱቁ ስኳር ሊጠቀልልበት ፊቱንም ኋላውንም የገነጠለው። ስለ አንዲት የማማ ጠባቂ ነበር። ከተማዋን የሰው ትዝታ የሚበላ ጭጋግ ከቧታል፤ ጭጋጉን የሚመልሰው የማማው መብራት ብቻ ነው፤ መብራቱ ደግሞ ዘይት አይጠጣም፣ የሚነደው የጠባቂዋ ዕድሜ ነው። የአክስቴ ልጅ በበኩሏ በጎረቤት መስኮት ቆማ የምታየው ተከታታይ ፊልም ነበራት፤ ስለ አንድ ጀልባ ቀዛፊ። ጥላውን ለወንዝ ሰጥቶ፣ ወንዙም በምላሹ «ከእንግዲህ ውኃ አይገድልህም» ብሎ ቃል ገብቶለታል። የጎረቤት ቴሌቪዥን ተቃጠለና የእሷም ታሪክ እንደኔው ተቆረጠ።

ሁለት መጨረሻ የሌላቸው ታሪኮች፣ አንድ ደብተር። ምን ይደረግ? ቀዛፊው ወንዙን አስከትሎ ወደ እኔ ከተማ መጣ። አንድ ገጽ እኔ፣ አንድ ገጽ እሷ። ጠባቂዋ እኔን መሰለች፣ አፏ አያርፍም። ቀዛፊው እሷን መሰለ፣ ሲሰድቡት ጀልባውን ይወለውላል።

ሕጋችን አንድ ነበር፤ ከደብተሩ ሽፋን ጀርባ በቀይ ጽፈነዋል። የሌላዋን ሰው ማቁሰል ይቻላል፣ ማስራብ ይቻላል፣ መስደብ ይቻላል፤ ሳያስፈቅዱ መግደል ግን ክልክል ነው። አንድ ጊዜ የቀዛፊውን ጥርስ አስወልቄበት ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ። በስምንተኛው ቀን መጥታ «የላይኛውን ነው የታችኛውን?» አለችኝ። ምን ያደርግልሻል ስላት፣ «ፈገግ ሲል እንዴት እንደምጽፈው ልወቃ!»

አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖርን። እሷ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ገብታ እዚያው አጠገብ ቤት ተከራየች። ተራዋ ሲደርስ በእጇ ጽፋ ረቡዕ ከሥራ ስትወጣ ታመጣልኛለች፤ እኔ ተይቤ ሐሙስ ስልክ ላይ በከፈትነው ገጽ አወጣዋለሁ። ዘጠኝ መቶ አንባቢ ነበረን። ፊደል ትገድፋለች፤ አርማለሁ። አርሜም እነግራታለሁ፣ ነግሬም እደግመዋለሁ። «አንቺ ጉረኛ» ትለኛለች፤ ሲብስባት «ጉረኛዬ»።

ያን ሰሞን ጠባቂዬ ልትሞት ነበር። ዕድሜዋ ነዶ ነዶ መብራቱ ጭላንጭል ሆኗል። ስድስት ወር መውጫ ፈለግሁላት፤ አጣሁ። መብራቱ ከጠፋ ከተማው ያልቃል፤ እንዳይጠፋ ደግሞ እሷ ታልቃለች። «ትሙት በቃ» አልኩ አንድ ረቡዕ፣ ፊቴን ወደ ኮምፒውተሩ አዙሬ። ለወረቀት ሰው ማልቀሴን ማንም እንዲያይ አልፈልግም። የአክስቴ ልጅ ግን አየችኝ።

«ቆይ፣ እንዳትነኪያት» አለች። «እኔ አንድ ነገር አስባለሁ።»

ወሬው የመጣው ከዚያ በኋላ ባለው ሰኞ ነው። ያ ሐሙስ ተራው የእሷ ነበር። ረቡዕ ሥራ መውጫ ሰዓት አለፈ፤ እሷ የለችም። በምትኩ መልእክት ገባ፦ «ዛሬ አልደርስም፣ አንድ ነገር እየጠበቅሁ ነው። እንዳትቆጪ ጉረኛ።»

ጮክ ብዬ ሳላነበው አልቀረሁም፤ ከኮምፔንሳቶው ማዶ «አላልኩሽም?» የሚል ድምፅ መጣ።

መጠየቅ ነበረብኝ። ደውዬ «ጠራዡ ቤት ምን ትሠሪያለሽ?» ማለት ምኑ ይከብዳል? እኔ ግን መልስ መስጠት እንጂ መጠየቅ አልፈጠረብኝም። አሥራ አንድ ዓመት ፊደሏን ያቃናሁላት ልጅ ስሜን ፍቃ ስሟን ልትጽፍ ነው ብዬ አንድ ሌሊት ተንገበገብኩ። ሲነጋ ጠያቂ ሳይሆን ፈራጅ ሆኜ ተነሣሁ።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት ተራዋን ነጥቄ ጻፍኩ። ቀዛፊው ከጀልባው ሲወርድ እርጥብ ድንጋይ አዳለጠው። ጉልበት የማይደርስ ውኃ ውስጥ በግንባሩ ተደፋ። አልተነሣም። በቃ፣ ሦስት ዐረፍተ ነገር። መሰነባበት የለ፣ የሚያለቅስለት የለ፤ የሚቀጥለው አንቀጽ ስለ ከተማዋ ዓሣ ገበያ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይላሉ፤ እኔ እሷን መጠየቅ ፈርቼ እሱን መታሁት። የት እንደሚያማት አውቅ ነበር። ሞቱን ብቻ ሳይሆን በውኃ መሞቱን የመረጥኩት ለዚህ ነው።

አንባቢዎች ጮኹ። «ውኃ አይገድለውም እኮ!» አለ አንዱ። ሌላዋ «ጭጋጉ ደራሲዎቹን በላቸው እንዴ?» ብላ ጻፈች። ሳቅኩባት።

የአክስቴ ልጅ ዓርብ ከሰዓት መጣች። ሰማያዊ የፋብሪካ ሽርጧን አላወለቀችም፤ ትከሻዋ ላይ ክር ተንጠልጥሏል።

«በውኃ?» አለችኝ በሩ ላይ ቆማ።

«ጀልባ ቀዛፊ በምን ሊሞት ኖሯል? በመኪና?»

ማኅተም ቀራጩ ከማዶ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«አንቺስ ጠይቀሽኛል?»

«ምኑን?»

«ምኑን ትላለች ደግሞ! ጠራዡን ጠይቂው ምኑን እንደሆነ።»

ፊቷ ልውጥ አለ። «ማን ነገረሽ?» አለች ዝግ ባለ ድምፅ።

ይህቺን «ማን ነገረሽ» እንደ ተከሳሽ የእምነት ቃል ተቀበልኳት። ፍርድ ቤት የሚገባ ወረቀት ስተይብ የኖርኩ ሰው ነኛ! «አገር ያወቀውን እኔ ላላውቀው ነው?» አልኳት።

ትከሻዋ ላይ ያለውን ክር አንሥታ ጣቷ ላይ ጠመጠመች፣ ፈታች።

«እና አውቀሽ ነው የገደልሽው?»

«አዎ። አውቄ ነው።»

በዚህ መሃል አንድ ሰው ገብቶ «የመታወቂያ ኮፒ፣ ፊትና ጀርባ» አለ። ወደ ማሽኑ ዞርኩ። ፊቱን አነሣሁ፣ ጀርባውን አነሣሁ፤ ዞር ስል በሩ ላይ ማንም የለም። ልከተላት እችል ነበር። ሰውየው የብሩን መልስ እየጠበቀ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። የሰው መልስ እንደዚያ አስጨንቆኝ አያውቅም።

በወሩ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ወዳለው የፋብሪካው ቅርንጫፍ ተዛወረች። አክስቴ «ምን ተባብላችሁ ነው?» ስትለኝ «ምንም» አልኩ። «ምንም ነው እንዴ አልጋ ተካፍሎ ያደገን ሰው የሚለያየው?» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

መጽሐፍ ይወጣል ብዬ ስድስት ወር ጠበቅሁ። መጽሐፍ መደብር መስታወት ላይ ግንባሬን ደቅኜ ስሟን ፈለግሁ። የለም። ማኅተም ቀራጩን «የታል ያ መጽሐፍ?» ብለው፣ ከጎማው ቀና ሳይል «እኔ እንጃ፤ አሉ ነው ያልኩሽ» አለኝ። ያኔ ነው ራሴን መጠርጠር የጀመርኩት። ጠባቂዋን ልጽፍ ተቀመጥኩ፤ አንድ መስመር አልወጣኝም። የምትሰድበው ሰው ከሌለ እሷም ለካ የምትለው የላት። ገጹ ጸጥ አለ። አንባቢዎቹ አንድ ሁለት እያሉ ሄዱ። ሦስተኛው መጨረሻ የሌለው ታሪክ የእኛው ሆነ።

በሁለተኛው ዓመት ኩራቴን እንደ ምንም አጥፌ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አግብታለች፤ ሴት ልጅ ወልዳለች። ከፋብሪካው ወጥታ ቤቷ ውስጥ ትሰፋለች። ሕፃኗን አሳቀፈችኝ፣ ውኃ ሰጠችኝ፣ መንገዱ እንዴት ነበር አለችኝ። ከስፌት መኪናው አጠገብ ምስማር ላይ የኮሌታ ልኮች ተሰቅለዋል፤ ከካርቶን፣ ከጋዜጣ የተቆረጡ። አንዱ ከደብተራችን ሽፋን ነበር። ጀርባው ላይ በቀይ «ሳያስፈቅዱ መግ» ይላል፤ ቀሪው ወደ አንገቱ ቅርጽ ተቆርጦ ሄዷል።

«ስለ ቀዛፊው» አልኩ፣ «ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«የቱ ቀዛፊ?» አለች መርፌውን ክር እያጎረሰች። ከዚያ አስታወሰችና ሳቅ አለች። «ውይ፣ እሱን ነው! የልጅነት ነገር አይደል፣ ተዪው እህቴ።»

እህቴ። ከእኔ በፊት ቀሚስ ልትወስድ የመጣችውንም ሴት እህቴ ስትላት ሰምቻለሁ። አንድ ጊዜ ጉረኛ ብትለኝ እግሯ ላይ እወድቅ ነበር። ትርሳው ወይም ታስመስል፣ አልለየሁም። ቂም ቢሆን ቂም ይሻራል፤ ይሄ ጭጋጉ ነበር፣ ከመብራቴ አልፎ እሷ ጋ የደረሰው። ልጅቷን መልሼ አስታቅፌ መጣሁ።

ያለፈው ሳምንት፣ ሦስት ዓመት ሲሞላው፣ አንድ ሽማግሌ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ቆሙ። ጣቶቻቸው በደረቀ ሙጫ ነጥተዋል፤ በጋዜጣ የተጠቀለለ ከባድ ነገር አቅፈዋል።

«ጉረኛዋ አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«ምን አሉ አባባ?»

«ይቅርታሽን ልጄ፣ ባለቤቷ ትታው የሄደችው ወረቀት ላይ የተጻፈው እንዲያ ነው።» ከጋዜጣው ላይ የተሰፋች ቁራጭ ወረቀት አሳዩኝ፤ «ለጉረኛዬ፣ ጽሕፈት ቤት» ትላለች። «ጠራዥ ነኝ። ሱቄን ልዘጋ ስለሆነ ባለቤቱ ያልወሰደውን እያደልኩ ነው። ያቺ ፋብሪካ የምትሠራዋ ልጅ ለረቡዕ ነበር የፈለገችው፤ ሦስት ጊዜ ተመላልሳለች። ሙጫው አልደርቅ ብሎኝ ሐሙስ ደረሰ። እሷ ግን እንደወጣች ቀረች።»

ከኮምፔንሳቶው ማዶ የመቅረጫው ድምፅ ቆመ።

ጋዜጣውን ፈታሁ። ሽፋኑ ላይ በወርቅማ ቀለም ሁለት ስም አለ፤ የእኔ ከላይ፣ የእሷ ከታች። ውስጡ አሥራ አንዱ ዓመት በሙሉ በእጇ ተገልብጧል፤ የእሷም ገጽ፣ የእኔም ገጽ። የእኔን ቃል እንኳ ፊደሉን እየገደፈች ጽፋዋለች። ይህ የአንድ ዓመት ሥራ ነው። «አውቀሽ ነው የገደልሽው?» ስትለኝ ይህን ማወቄን ነው የጠየቀችኝ፤ «አዎ» ያልኳትም ለዚህ ነው።

መጨረሻ ላይ ያላየሁት ምዕራፍ አገኘሁ። ቀዛፊው ወንዙ ዳር ይንበረከክና ጥላውን እንዲመልስለት ይለምናል። ወንዙ «ከወሰድከው እንደማንም ሰው ትሞታለህ» ይለዋል። «አውቃለሁ» ይላል። ጥላውን እንደ ጨርቅ ይጠቀልለዋል፣ እንደ ክር ይገምደዋል፤ ማማው ላይ ወጥቶ መብራቱ ውስጥ ይሰካዋል። ክሩ እሳት ይይዛል፤ ጭጋጉ ይሸሻል፤ የጠባቂዋ ዕድሜ መንደዱን ያቆማል። እሱ ጀልባው ውስጥ ጋደም ብሎ፣ በጎደለ ጥርሱ ፈገግ እንዳለ፣ ይተኛል። እኔ ስድስት ወር ፈልጌ ያጣሁትን መውጫ እሷ ከስፌት አመጣችው።

ከምዕራፉ ግርጌ በቀይ ተጽፏል፦ «የሌላዋን ሰው ሳያስፈቅዱ መግደል ክልክል ነው። ይሄ ግን የራሴ ነው። ያንቺዋ ትኑር።»

ከሥሩ ቀን አለበት። ዓርብ፤ እኔ ከገደልኩበት ሐሙስ ስድስት ቀን ይቀድማል።