ይነሱ

የክፍሉን ኃላፊ ሠራተኛው ሁሉ ከጀርባቸው «ችካሉ» ነበር የሚላቸው። አንዴ ጠዋት ከተተከሉ የሚነቀሉት ማታ ነዋ! ምሳቸውም እዚያው ወንበር ላይ፣ ስብሰባቸውም እዚያው።

ጸሐፊያቸው ግን ትወዳቸዋለች። አባቷ ሲሞት አባት ሆነው የዳሯት እሳቸው ናቸው። ግራ እግራቸው አብጦ ጫማ እንቢ ማለቱን ቀድማ ያየችውም እሷ ነበረች። ለሠራተኛው ጤና ምክር ልትሰጥ የመጣች ነርስ እግራቸውን አይታ ደነገጠች። «እንዲህ ተቀምጠው ከዋሉ ደም ይረጋል። በየግማሽ ሰዓቱ ይነሱ፤ ዛሬ ነገ ሳይሉ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ» አለቻቸው። «እሺ» አሉ፣ ከአንገት በላይ።

ጸሐፊዋ ጭንቅ ቢላት ምክትላቸውን ኮሪደር ላይ ያዘችው።

«አለቃችን መነሳት አለባቸው። ከዚህ በላይ ተቀምጠው እያየን ዝም ማለት ግፍ ነው። እባክህ አግዘኝ» አለችው።

«እኔም ስል የኖርኩት ይሄንኑ ነው!» አለ ፊቱ በርቶ። እሷ የዋህ፣ ደግ ሰው አገኘሁ ብላ መረቀችው።

ሰውየው አንድ እርምጃ ሳይራመዱ ወሬያቸው ሕንፃውን በሙሉ ዞረ። ችካሉ ሊነሱ ነው! ሊሻሩ ነው! ወሬው እሳቸውም ጆሮ ደረሰ፤ ከዚያ ወዲህማ ማን ይነቅላቸው። ከሁሉ ቀድመው ይገባሉ፣ ከሁሉ ኋላ ይወጣሉ፤ ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ ይሰጋሉ።

«ጋሼ፣ በሞቴ ይነሱ» አለቻቸው አንድ ቀን።

ቀና ብለው አዩዋት። «አንቺም?» አሉ። ከዚያ በኋላ አላናገሯትም። ምን በደልኩ እያለች አለቀሰች።

በሳምንቱ ምክትሉ ጠረጴዛዋ ላይ ደገፍ አለና «ለመሆኑ መቼ ነው የሚነሱት? ወንበራቸው ለወገቤ አይመችም፤ ሌላ እዘዢልኝ» አላት።

ያኔ ገባት። ወይኔ ጉዴ! እየሮጠች ገባች።

«ጋሼ! ይነሱ ያልኩት ከዚህ ከእንጨቱ ወንበር ነው! ለእግርዎ ብዬ! ከሥልጣንዎ ማን አለ?»

አፈጠጡባት፤ ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ታዲያ እንደሱ አትይም፣ አንቺ ጉደኛ!» አሉና በሁለት እጃቸው ጠረጴዛውን ተደግፈው ቆሙ። «ይኸው፣ ተነሳሁልሽ።»

ወደ እሷ ትንሽ ራመድ እንዳሉ ደረታቸውን ያዙ። እዚያው ወለሉ ላይ ወደቁ። እግራቸው ላይ የረጋው ደም ወደ ሳንባቸው ወጥቶ ነበር። ሐኪም ቤትም በሕይወት አልደረሱም።

ከቀብሩ ማግስት ሠራተኛው አዳራሽ ተሰበሰበ። ምክትሉ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ለአለቃችን መታሰቢያ፣ እባካችሁ ሁላችንም እንነሳ።»

ወንበሮች ተንኳኩ፤ ሁሉም ቆመ። ጸሐፊዋ ብቻ ቀረች። «ተነሺ እንጂ፣ ሰው ምን ይላል?» አለቻት አጠገቧ የቆመችው።

ልትነሳ ሞከረች፤ ወንበሯን በሁለት እጇ እንደያዘች ቀረች።