የበራድ ሾርባ

ግዛቸው በዕድሜው የድስት ክዳን ያነሳው ወጡ ደርሶ እንደሆነ ለመሰለል ብቻ ነበር። መንዝ ሲያድግ እናቱ «ማጀት የሚገባ ወንድ ጢም አያበቅልም» እያለች ታባርረው ነበር፤ እሱም ጢሙን ስለፈለገ አልገባም። ጢሙ በቅሎ፣ አልፎ ተርፎም ሸብቶ፣ ሐዋሳ ታቦር ተራራ ሥር ቤት ሠርቶ ከተቀመጠ በኋላ ነው ማጀት መግባት ግድ የሆነበት።

ሚስቱ ሙሉጌጥ በታይፎይድ ታማ፣ ሐኪም ቤት ከርማ ገና መውጣቷ ነው። አጥንቷ ወጥቷል። ነርሷ ስታሰናብታቸው ግዛቸውን ወደ ጎን ጠራችና «ሾርባ ይስጧት። የዶሮም ይሁን የሥጋ፣ ብቻ ትጠጣ። እንዲህ እንደሆነች ተመልሳ ከመጣች አቅሟ አይችልም» አለችው። ግዛቸው ይህን ከሰማ ወዲህ እንቅልፍ አልነበረውም።

ሙሉጌጥ ግን የዶሮም የሥጋም አትጠጣም። ልጃቸው ታምሩ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ወደ ሰሜን የሄደ ዕለት «ልጄ በሰላም እስኪመለስልኝ ፍስክ በአፌ አይዞርም» ብላ ለማርያም ተስላለች። ፋሲካ መጣ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ዶሮውን በላ፣ እሷ ሽሮዋን በላች። ስለት የማይወደው ግዛቸው ነው። በመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ «ኋላ ቀር ልማድ» የሚል ቃል ተምሮ መጥቶ፣ አንድ ቀን ምሳ ላይ አፉ አምልጦት ተናገረው፤ ሙሉጌጥ ለብዙ ቀን አኮረፈችው። ስለ ልጁ ደግሞ ከቶ አያነሳም። የታምሩ ስም ሲጠራ ተነስቶ ሬዲዮኑን ከፍ ያደርጋል። እሷም የሰውዬው አንጀት ድንጋይ ነው ብላ ደምድማ ተቀምጣለች።

የነፍስ አባቷ መጥተው ቢለምኗት አሻፈረኝ አለች። በመጨረሻ «ዓሣስ? ዓሣኮ ፍስክ አይደለም» ሲሏት ዝም አለች። የሙሉጌጥ ዝምታ እሺታ መሆኑን ግዛቸው ያውቃል። ሐዋሳ ተቀምጦ ደግሞ ዓሣ አይጠፋም።

ማን ይሥራው ነው ጣጣው። ሠራተኛዋ አገሯ ገብታለች። ጎረቤታቸው ታቢታ እጇ የተባረከ ሴት ናት፤ ግን አራስ ናት፣ ከግቢዋ አትወጣም። እሷ ቤት እንዳይሠራ ደግሞ ጴንጤ ናትና የጾም ድስት የሚባል ነገር አታውቅም፤ ድስቶቿ ሁሉ ቅቤ የጠጡ ናቸው።

እሁድ ጠዋት ግዛቸው ከቀበሌው ስብሰባ ቀርቶ ሐይቁ ዳር ወረደ። ሁለት ቆሮሶ ዓሣ በሣር አንጠልጥሎ ሲመለስ፣ ታቢታ ሕፃኗን ታቅፋ በአጥሩ ክፍተት አየችው።

«ጋሼ ግዛቸው! ሊሠሩ ነው?»

«ምን ላድርግ እህቴ።»

«ይሠሩት፤ እኔ ከዚህ ሆኜ እነግርዎታለሁ።»

እንዲህ ሆነና ትምህርቱ በአጥር በኩል ተጀመረ። ቅርፊቱን በቢላዋው ጀርባ ከጭራው ወደ ላይ ፋቀው፤ ጢሙም፣ ሸሚዙም፣ ግድግዳውም ቅርፊት በቅርፊት ሆነ። ሆዱን ከፍቶ ሆድ ዕቃውን አወጣ፣ በሎሚ አጠበ። ጭንቅላቱንና አጥንቱን ለይቶ ለድመት አስቀመጠ። ከሰሉን በማጀቱ ደጃፍ አያይዞ የሙሉጌጥን የጾም ድስት ጣደና ሽንኩርቱን ማቁላላት ሲጀምር ታቢታ ጮኸች።

«ወጥ አይደለም እኮ! ውሃ ይጨምሩ፣ ቶሎ!»

ውሃ ጨመረ። ድንች፣ ካሮት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ከዚያ ዓሣው። ሾርባው መንተክተክ ሲጀምር የግዛቸው ልብ በደስታ አበጠች። ክዳኑን በየደቂቃው ያነሳል። አይ ሰው፣ ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ያለ ደስታ ከደጁ ቀርቶበት ኖሯል!

ሊያወጣው ሲል ግን ሾርባው ነጣበት። ላዩ ላይ ምንም የለም። የታመመ ሰው እንዴት እንደሚጠገን በልጅነቱ አይቶ ነበር፤ እጁ ወደ መደርደሪያው ሄደ፣ ለራሱ ወጥ ከተቀመጠው ዕቃ አንድ ማንኪያ ሙሉ አንስቶ ጣለበት። ላዩ ወዲያው ቢጫ ሆነ፣ ሽታው ቤቱን ሞላው። ሳህን ላይ ቀድቶ፣ ፈገግ ብሎ፣ የመኝታ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ነው ያደረገው ነገር የገባው።

ቅቤ ነው።

ተመልሶ ደጅ ወጣና በርጩማው ላይ ተቀመጠ። እንባው መጣ። ታቢታ ነገሩን ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፣ ፊቱን ስታይ ግን ተወችው።

«ይስጧቸው፣ ጋሼ። ትኩሳት ያደከመው ሰው አይለየውም። ጌታ እኮ ቅቤ አይቆጥርም።»

ግዛቸው ሳህኑን አየ። እውነቷን ነው፤ ሙሉጌጥ ብትጠጣው ትድናለች፣ ማንም አያውቅም። እሱ ራሱ በስለት አያምንም። ግን ታምሩ በዚያች ሰዓት የት እንዳለ አሰበ፤ አንድ ጉድጓድ ውስጥ፣ ከሰማይ በታች፣ ከእናቱ ቃል በቀር የሚከልለው ነገር የሌለው መስሎ ታየው።

«እሱ ባይቆጥር እሷ ትቆጥራለች» አለና ሳህኑን በአጥሩ አቀበላት። «ውሰጂ፣ ለአራስ ይሆናል። ድስቱንም እልክልሻለሁ።»

«እሳቸውስ?»

«እንደ ገና ነዋ!»

«በምን? ዓሣው አለቀ።» ከዚያ ዓይኗ ድመቷ ወደምትዞረው ነገር ሄደ። «ጋሼ! ጭንቅላቱን ለድመት ነው ያሉት? ሾርባው እኮ እሱ ውስጥ ነው ያለው!»

ድመቷን በጫማ አባርሮ ጭንቅላቱን ነጠቃት። ድስት ግን የለም። አንዱ የጾም ድስት ቅቤ ነክቶታል፣ ሌሎቹ ዱሮም ፍስክ ናቸው። ማጀቱን ሲያምስ ዓይኑ በራዱ ላይ አረፈ። ሻይ እንጂ ቅቤ ነክቶት አያውቅም። ጭንቅላቱን በቢላዋ ከታትፎ፣ አጥንቱን ሰባብሮ፣ በበራዱ አፍ ከተተው፤ ሽንኩርትና ጨው ጨመረ፣ ከሰሉ ላይ አስቀመጠው። ታቢታ «ይህን እንኳን እኔም አላስተማርኩዎትም» አለችና ገባች። ግዛቸው አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ጠበቀ። ክዳኑን አንድ ጊዜም አላነሳም።

ሲደርስ እሾሁ ሁሉ በራዱ ውስጥ ቀረ፤ ከአፍንጫው ጥሩው መረቅ ብቻ ወረደ። በሻይ ብርጭቆ ቀድቶ ገባ።

ሙሉጌጥ ትራስ ተደግፋ ብርጭቆውን አየች፣ ከዚያ በጢሙ ውስጥ የቀረውን ቅርፊት አየች።

«ሻይ ነው?»

«ሾርባ ነው። በበራድ የሠራሁት።»

«ምነው፣ ድስት የለም?»

ሊዋሽ ይችል ነበር። አልዋሸም። ቅቤውን፣ ሳህኑን፣ በሩን፣ ታቢታ ያለችውን፣ ሁሉንም ነገራት። ሙሉጌጥ ስትሰማ ቆየችና በደከመ ድምፅ ጠየቀችው።

«ታዲያ ለምን አልሰጠኸኝም? አንተ ስለት ኋላ ቀር ነው ትል የለ?»

ግዛቸው መሬት መሬት አየ። ሬዲዮኑ ጥግ ላይ ነበር፤ አልነካውም።

«ታምሩ የእኔም ልጅ ነው፣ ሙሉዬ» አለ።

ልጁ ከሄደ ወዲህ ስሙን በአፉ ሲያነሳ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ይህን ሸክም ብቻዋን የተሸከመችው ይመስላት ነበር። ቀስ ብላ እጇን ዘርግታ ቅርፊቱን ከጢሙ ላይ አነሳችለት፣ ከዚያ ብርጭቆውን ተቀብላ ጠጣች። አላቆመችም። ጨርሳ ባዶውን ብርጭቆ መለሰችለት።

«ድገመኝ» አለችው፤ «ለራስህም ቅዳ።»